«ውሻው የማነው?»

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በኢንቦክስ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «መምህር፣ ከውሻ መጠለያ አንዲት ውሻ ልወስድ ነው። ባለቤቴ "ነገ ሰው ብትነክስ ማን ነው የሚጠየቀው?" ይለኛል። እኔ ደግሞ "በኢትዮጵያ ስለ ውሻ የወጣ ሕግ የለም" አልኩት። ማናችን ነን ልክ?» አጭሩ መልስ፦ ባልሽ ነው ልክ። ረጅሙ መልስ ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ፣ እሷንም አስፈቅጄ፣ እዚህ አመጣሁት።

መጀመሪያ አቋሜን ልናገር። ከመጠለያ ውሻ መውሰድን እደግፋለሁ። የምችል ከሆነ ሰው ሁሉ ከመግዛት ይልቅ ከመጠለያ ቢወስድ ደስ ይለኛል። ግን ብዙዎቻችን ነገሩን እንደ ምጽዋት ነው የምናየው፤ «አንድ ነፍስ አዳንኩ» ብለን እንሄዳለን። ነፍስ ማዳኑ ትልቅ ነገር ነው። ሕጉ ግን ስለ ደግነታችን አይጠይቀንም። ሕጉ የሚጠይቀው አንድ አጭር ጥያቄ ነው፦ ውሻው የማነው? የዛሬው ጽሑፌ በሙሉ ስለዚህች ጥያቄ ነው።

ሕግ አለ፤ ያውም ጠንካራ ሕግ

ሕግ ሲባል ትዝ የሚለን ውርስ፣ ፍቺ፣ ቼክ፣ የቤት ኪራይ ነው። የውሻ ነገር ማን ይጽፈዋል ብለን እናልፋለን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን እንስሳት ለሚያደርሱት ጉዳት ማን እንደሚጠየቅ በግልጽ አስቀምጧል። ከውል ውጭ ኃላፊነትን አብረን የተማርን ታስታውሱታላችሁ፤ ቁጥር 2071 እና ተከታዮቹ። ለፈተና ስትዘጋጁ ስንቶቻችሁ እንደዘለላችሁት አልናገርም።

ፍሬ ነገሩ ይኼ ነው። የአንድ እንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። እንስሳው ድንገት አምልጦት ቢሆንም ኃላፊ ነው። ጉዳቱ ይደርሳል ብሎ ማንም ሊገምተው የማይችል ቢሆንም ኃላፊ ነው። ማለትም «በሩን ነፋስ ነው የከፈተው» ወይም «የኔ ውሻ እኮ ሰው ነክሶ አያውቅም» የሚለው መልስ ለሽማግሌ እንጂ ለፍርድ ቤት ብዙ አይረዳም። የተነከሰው ሰው የእናንተን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ውሻው የእናንተ መሆኑን፣ የነከሰውም እሱ መሆኑን፣ ጉዳት መድረሱን ካስረዳ በቂው ነው።

ይኼ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ለማየት ከኦሪቱ ጋር አስተያዩት። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ስለሚዋጋ በሬ የተጻፈውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እዚያ የበሬው ባለቤት ሁኔታ የሚለየው በሬው ከዚህ በፊት ተዋጊ መሆኑ ታውቆ፣ ባለቤቱም ተነግሮት ነበር ወይ በሚለው ነው። ያልታወቀ ከሆነ ባለቤቱ ነጻ ነው። የኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን «ታውቅ ነበር ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የመጀመሪያዋም ንክሻ ታስጠይቃለች።

ካሳውስ? መርሁ ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን የሚል ነው። የሕክምናው ወጪ፣ የክትባቱ፣ የመመላለሻው፣ ሰውዬው ከሥራ በመቅረቱ ያጣው ገቢ፣ የተቀደደው ልብስ ሳይቀር ይቆጠራል። አስቂኙ የሞራል ካሳው ነው። ሕጉ ላይ የተጻፈው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ምን እንደሚገዛ ለእናንተው ትቼዋለሁ። ተጎጂው ክሱን ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። ስለዚህ «ነገሩ ከተረሳ ስድስት ወር አለፈው» ብላችሁ አትዘናጉ።

«የግቢው ውሻ»

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ሕጉ ባለቤቱን ይጠይቃል ካልን፣ የኛ ሰፈር ውሻ ባለቤቱ ማነው?

እስቲ ሰፈራችሁን አስቡት። «የግቢው ውሻ» አለ። «የዘበኛው ውሻ» አለ። ሉካንዳው በር ላይ የሚያድሩት አሉ። የኮንዶሚኒየሙ ብሎክ ሥር አንዷ ወልዳ፣ ልጆች ካርቶን አንጥፈውላት፣ እናቶች የተረፈ እንጀራ እየጣሉላት የምትኖር አለች። ስም አላት፣ ምግብ አላት፣ ማታ ማታ ትጠብቃለች፤ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባል የለ። ሌባ ስታባርር ሁሉም «ውሻችን!» ይላል። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ስትነክስ ደግሞ ሁሉም «ኧረ የኛ አይደለችም፣ የመንገድ ናት» ይላል።

ይኼ ክህደት ፍርድ ቤት ድረስ ከሄደ እንደምናስበው ቀላል አይደለም። በሕጋችን ውሻ ግዙፍነት ያለው ተንቀሳቃሽ ነገር ነው፤ በቁጥር 1127 አነጋገር በራሳቸው ከሚንቀሳቀሱት ውስጥ ማለት ነው። ቁጥር 1193 ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር በእጁ ያደረገ ሰው ለራሱ እንደያዘውና ባለቤቱም እንደሆነ ይገመታል ይላል። ግምት ስለሆነ በማስረጃ ሊፈርስ ይችላል። ግን ለሦስት ዓመት ግቢህ ውስጥ ያሳደርከውን፣ ስም ያወጣህለትን፣ በሰንሰለት ያሰርከውን ውሻ «አላውቀውም» ለማለት ጥሩ ጠበቃ ያስፈልግሃል። ጠበቃውም ላይረዳህ ይችላል።

ቁጥር 2072 ደግሞ አለ። ባለቤት ባትሆንም፣ እንስሳውን ለራስህ ጥቅም ይዘኸው ከነበረ፣ በእጅህ ሳለ ላደረሰው ጉዳት ትጠየቃለህ። ተከራይተኸው፣ ተውሰኸው፣ እንድትጠብቀው ተሰጥቶህ ከሆነም እንዲሁ። ቤቱን ለመጠበቅ ብሎ የመንገድ ውሻ ግቢው ያስገባ ሰው ይቺን ቁጥር ቢያነባት ጥሩ ነው።

ታዲያ ከመጠለያ መውሰድ ከዚህ ሁሉ በምን ይለያል? እኔ ትልቁ በጎነቱ ውሻው ቤት ማግኘቱ ብቻ አይመስለኝም። ትልቁ በጎነቱ ለጥያቄው መልስ መስጠቱ ነው። አንድ ሰው በስሙ፣ በአድራሻው፣ በፊርማው «ይቺ ውሻ የኔ ናት» ይላል። ከተማችን ውስጥ የጠፋው ይኼ ዓረፍተ ነገር ነው። የሚያበላ ሞልቷል፤ የሚፈርም ነው የጠፋው።

የሚያስፈራው ምንድን ነው?

አንዳንዶቻችሁ «ለአንዲት ንክሻ ይኼን ያህል!» ልትሉ ትችላላችሁ። ንክሻው ብቻ ቢሆን እኔም ይኼን ያህል ባልጻፍኩ ነበር። ጉዳዩ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

በዕድሜ ጠና ያላችሁ «ፓስተር» ሲባል ሆዳችሁን ትይዛላችሁ። ውሻ የነከሰው ልጅ ጉለሌ ፓስተር ተወስዶ በየቀኑ ሆዱ ላይ ይወጋ የነበረበትን ዘመን የማያስታውስ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ዛሬ ክትባቱ ተሻሽሏል፣ መወጊያውም ክንድ ላይ ሆኗል። በሽታው ግን አልተሻሻለም። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ መተላለፍ እስከ 99 በመቶው በውሻ በኩል ነው። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ በግምት 59,000 ሰው ይሞትበታል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው። ካበደ ውሻ ከሚነከሱት ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ውሻ ያቅፋል፣ ጭራ ይጎትታል፣ ሲነከስ ደግሞ እንዳይቆጡት ፈርቶ ይደብቃል።

አሁን «ውሻው የማነው?» የሚለው ጥያቄ የካሳ ጥያቄ ብቻ አለመሆኑን ታያላችሁ። ልጅ ሲነከስ ሐኪሙ የሚጠይቀው ይኼንኑ ነው። ውሻው ባለቤት አለው? ተከትቧል? አለ ወይስ ጠፍቷል? ባለቤት ካለው የክትባት ካርዱ ይታያል፤ ውሻው ለ10 ቀን ታስሮ ይጠበቃል። በነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ባለቤት ከሌለው ግን የልጁ ወላጆች የሚይዙት ነገር የለም። ክትባቱ ይጀመራል፣ ሐሳቡም ይጀመራል። «የኛ አይደለም» ብሎ የሸሸ ጎረቤት ካሳ ብቻ አይደለም ያስቀረው። ለሐኪሙ የሚያስፈልገውንም መረጃ ይዞ ነው የጠፋው።

እግረ መንገዴን ይኼንን ልናገር፣ ለማንም ይጠቅማል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠብ። በሰዓት ለኩት፤ 15 ደቂቃ ረጅም ነው። ከዚያ ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። ውሻው እስኪታይ ተብሎ ክትባት አይዘገይም፤ ውሻው ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ ያቆመዋል። ጸበል የሚሄድን ሰው አልከለክልም፤ ግን ክትባቱን አስጀምሮ ይሂድ። ምልክቱ ከመጣ በኋላ መሯሯጥ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

ከመውሰዳችሁ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች በራሳቸው ጉሮሮ ላይ ቆጥበው ውሾችን ከመንገድ ያነሳሉ፣ ያሳክማሉ፣ ቤት ይፈልጉላቸዋል። ክብር ለነሱ። አንዳንዴ ግን ርክክቡ በስልክና በመኪና ኮፈን ያልቃል። «በቃ ውሰዳት፣ እግዜር ይስጥልን» ተባብሎ መለያየት። የኔ ምክር፦ ምንም ያህል ብትዋደዱ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ተፈራረሙ። ውል መጻፍ አለመተማመን አይደለም። ወረቀቱ ላይ ቢያንስ እነዚህ ይኑሩ።

1ኛ. ባለቤትነቱ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ወደ እናንተ ተላለፈ? «ለሙከራ ለአንድ ወር» ከሆነም ይጻፍ። በሙከራው ጊዜ እናንተ ጠባቂ ናችሁ፣ ባለቤቱ መጠለያው ነው። ጉዳት ቢደርስ ማን ምን ይሸከማል የሚለው ከዚህ ይጀምራል።

2ኛ. የክትባት ካርድ። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መቼ እንደወሰደና ቀጣዩ መቼ እንደሆነ። ክትባቱ በተለምዶ ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ የእንስሳት ሐኪሙ ባለው ጊዜ ይደገማል። «ተከትባለች ብለውኛል» ካርድ አይደለም።

3ኛ. የውሻው ጠባይ። ሰው ነክሶ ያውቃል? ልጅ ይፈራል? ምግቡን ሲነኩበት ይቆጣል? መጠለያው የሚያውቀውን ሁሉ እንዲጽፍ ጠይቁ። ሕጉ ስለማወቃችሁ ባይጠይቅም፣ ልጅ ያለበት ቤት ግን መጠየቅ አለበት።

4ኛ. መካን የማድረግ ጉዳይ። ውሻ የምታረግዘው ለሁለት ወር ገደማ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። አንዷን ከመንገድ አንስታችሁ ስድስት ቡችላ ወደ መንገድ ብትመልሱ ሂሳቡ አይመጣም።

5ኛ. ካልተስማማችሁስ? ውሻውን ወደ መጠለያው እንደምትመልሱ፣ ለሌላ ሰው ከመስጠታችሁ በፊትም እንደምታሳውቁ ይጻፍ።

ከመጠለያው ሌላም ወረቀት አለ። ተከራይ ከሆናችሁ አከራያችሁን ጠይቁ፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ያዙ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ የማኅበራችሁን መተዳደሪያ ደንብ አንብቡ። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መኖሪያው በማኅበርና በደንብ እንዲተዳደር ነው የሚለው። ደረጃውም፣ ኮሪደሩም፣ ልብስ መስጫውም የጋራ ነው። ጎረቤታችሁ በእምነቱ ምክንያት ውሻ እንዲነካው ላይፈልግ ይችላል፤ ሌላዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ትፈራ ይሆናል። «ምን አደረጋት፣ እኮ ሊጫወት ነው» ማለት መልስ አይደለም። ገመዱን አጠር አድርጎ መያዝ ነው መልሱ።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሏቸው ነገሮች

«በሬ ላይ "ከውሻ ተጠንቀቁ" ብዬ ለጥፌአለሁ።» ጥሩ አድርገሃል፣ አትንቀለው። ግን ማስታወቂያ ከኃላፊነት ነጻ መውጫ ወረቀት አይደለም። የባለቤቱ ኃላፊነት የሚቀንሰው ወይም የሚቀረው ጉዳቱ በሙሉም ሆነ በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ሲሆን ነው (ቁጥር 2086)። የታሰረ ውሻ በድንጋይ ሲወግር የተነከሰ ጎረምሳና ደብዳቤ ሊያደርስ በሩን ያንኳኳ ሰው አንድ አይደሉም። ደግሞ ተቃራኒውንም አስቡት። ማስታወቂያው ውሻህ ኃይለኛ መሆኑን አንተው ራስህ ታውቅ እንደነበር ይመሰክርብሃል።

«እኔ የለሁም፤ ክፍለ ሀገር ስሄድ ዘበኛው ነው የሚይዘው።» ውሻው በእጁ ያለ ጠባቂም ይጠየቃል። ግን ያንተ ባለቤትነት አብሮህ አውቶቡስ አልተሳፈረም፤ እዚያው ነው ያለው። ለተጎጂው የከፈልክ እንደሆነ ከጠባቂው መጠየቅ የምትችልበት መንገድ በሕጉ አለ። ግን እንነጋገር ከተባለ፣ በምን ደመወዙ ነው ዘበኛው የሚከፍልህ? ይልቅ ከመሄድህ በፊት ካርዱ የት እንዳለ፣ የሐኪሙ ስልክ፣ በሩ እንዴት እንደሚዘጋ ንገረው።

«የልጄ ነው፣ እሱ ነው ያመጣው።» አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ኃላፊነት ላይ ሲወድቅ ሕጉ ወደ ወላጅ ነው የሚያየው። ልጅ ቡችላ አቅፎ ሲመጣ «እሺ አሳድገው» ከማለታችሁ በፊት ለራሳችሁ «እሺ አሳድገዋለሁ» በሉ። ከሦስት ወር በኋላ የሚያበላው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

«ከነከሰ ውሰዱት እላቸዋለሁ!» ይኼኛው በቀልድ ነበር የተነገረኝ፤ ግን እውነትም ሕጉ ውስጥ የሚመስለው ነገር አለ። በቁጥር 2074 መሠረት የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው በመልቀቅ ከኃላፊነት የሚወጣበት መንገድ ተቀምጧል። ለበሬ ያስኬዳል፤ በሬ ዋጋ አለው። ለነከሰህ ውሻ ግን ማን «አመሰግናለሁ» ብሎ ይወስደዋል? ዋናው ነጥብ ደግሞ ይኼ መውጫ ጉዳቱ የደረሰው በባለቤቱ ወይም እሱ በሚጠየቅለት ሰው ጥፋት ከሆነ አይሠራም። ያልተከተበ ውሻ በሩ ተከፍቶ የለቀቀ ሰው «ጥፋት የለብኝም» ሲል መስማት የሚፈልግ ዳኛ ያለ አይመስለኝም።

ለውሻውም ዕዳ አለብን

እስካሁን ስለ ተነካሹ ሰው ነው ያወራሁት። ውሻውስ? የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በደንብ መተላለፍ ክፍሉ በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን ያስቀጣል። ቀኑን ሙሉ በአንድ ሜትር ሰንሰለት ፀሐይ ላይ የታሰረ፣ ውኃ የተነፈገ፣ «እንዲጨክን» ተብሎ የሚመታ ውሻ በየግቢው አለ። ይኼ ጥበቃ አይደለም። እንዲህ ያደገ ውሻ ሲፈታ የሚነክሰው መጀመሪያ ያገኘውን ነው፤ ብዙ ጊዜም የቤቱን ልጅ ነው።

ሌላው መጣል ነው። ሰው ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወር አልጋው ይጫናል፣ ቁምሳጥኑ ይጫናል፣ ምጣዱ እንኳ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይጫናል። ውሻው በፈረሰው አጥር ሥር ይቀራል። ሳምንት ይጠብቃል። ከዚያ የመንገድ ውሻ ይሆናል። የመንገድ ውሻ መጨረሻው ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ባለቤት የላቸውም የተባሉ ውሾችን በመርዝ መጨረስ በከተማችን የቆየ ልማድ ነው። የዓለም ልምድ የሚያሳየው ግን በሽታው የሚገታው በመርዝ ሳይሆን በክትባት ነው፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ሲከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ለመከተብ ደግሞ የሚይዘው፣ የሚያመጣው፣ ካርዱን የሚያስቀምጥ ሰው ይፈልጋል። ዞሮ ዞሮ ያው ጥያቄ ነው፦ ውሻው የማነው?

ሁለት ተቃውሞዎች

አንደኛው፦ «ሰው የሚበላው ባጣበት አገር ስለ ውሻ ታወራለህ?» አዎ አወራለሁ። ምክንያቱም ባልተከተበ ውሻ የሚነከሰው ባለ መኪናው አይደለም። በእግሩ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ነው፣ ጠዋት በጨለማ ለቅዳሴ ወይም ለሱብሒ የሚወጡት እናትና አባት ናቸው፣ ሌሊት ጎዳና ላይ የሚያድረው ነው። ለክትባት ከገጠር ከተማ ድረስ የሚመላለሰው ገበሬ የትራንስፖርቱን ከየት እንደሚያመጣ አስቡ። የውሻ ባለቤት ኃላፊነት የሀብታም ወግ ሳይሆን የድሃ ጥበቃ ነው።

ሁለተኛው የመጠለያ ሰዎች የሚያነሱት ነው፦ «መምህር፣ እንዲህ ካስፈራራህብን ማን ውሻ ይወስድልናል?» ይኼ ይከብደኛል፤ መጠለያው ሞልቶ፣ መኖ ተወዶ፣ በየቀኑ አዲስ ቡችላ በር ላይ ተጥሎ ሲያድር አንድም ወሳጅ ቢቀር ያማል። ያም ሆኖ ወረቀት አይቶ የሚሸሽ ሰው፣ ወረቀቱ ባይኖርም ውሻዋ የመጀመሪያውን ጫማ ስትበላ ይሸሽ ነበር። ያኔ እሷ ዳግመኛ መንገድ ላይ ናት፣ እናንተም ፍለጋ ላይ ናችሁ። ፈርሞ የሚወስድ አንድ ሰው ሳይፈርሙ ከሚወስዱ አምስት ሰዎች ይሻላል ባይ ነኝ። የምትቃወሙኝ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ በተለይ በሥራው ውስጥ ያላችሁ።

ከውጭ ላላችሁት

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ያላችሁ ተማሪዎቼ ይኼን ስታነቡ ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ። እዚያ መጠለያው ማመልከቻ ያስሞላችኋል፣ ውል ያስፈርማችኋል። ዲሲ ውስጥ ከአራት ወር ዕድሜ በላይ የሆነ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዶ፣ ፈቃድ ወጥቶለት፣ ቁጥሩ አንገቱ ላይ መንጠልጠል አለበት። እኛ ያጣነው ትልቅ ቴክኖሎጂ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ፤ መዝገብና አንዲት ቆርቆሮ ናት። የሕጋችን ቃል ከብዙ አገር ሕግ አያንስም። የሚያንሰው ውሻውን ከስም ጋር የሚያገናኘው መዝገብ ነው።

ወረዳዎቻችን መታወቂያ ያድሳሉ፣ ልደት ይመዘግባሉ። በዓመት አንድ ቀን «ውሻችሁን አምጡና አስከትቡ፣ አስመዝግቡ» ማለት ከአቅም በላይ አይመስለኝም። ወረዳው እስኪጀምር ግን እናንተ መጀመር ትችላላችሁ። አንገቱ ላይ ስልክ ቁጥራችሁ የተጻፈበት ማንጠልጠያ አድርጉለት። ካርዱን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ጎረቤቶቻችሁን ቡና ጠርታችሁ «ይቺ ውሻ የኔ ናት፤ የሆነ ነገር ካደረገች ወደኔ ኑ» በሏቸው። ይኼንን የሚል ጎረቤት ያለው ሰው ሲነከስም ቢሆን ብቻውን አይሆንም፤ ለመካሰስም ብዙ አይቸኩልም።

ስለዚህ ተማሪዬ ሆይ፣ ሂጂና ውሰጃት። ግን ከባልሽ ጋር ቁጭ በሉ፤ ካርዱን እዩ፣ ወረቀቱን አንብቡ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ነገ የሰፈር ልጅ እያለቀሰ መጥቶ እናቱ «ውሻው የማነው?» ብላ ስትጠይቅ ሳትጠፉ «የኛ ነው» የምትሉ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ውሻ አላችሁ ማለት ነው።

ይኼ ጽሑፍ አጠቃላይ ግንዛቤ ነው፤ ጉዳይ የገጠማችሁ የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ይጠቅማል ካላችሁ ሼር አድርጉት፤ በተለይ ቡችላ ለልጁ የልደት ስጦታ ሊሰጥ ላሰበ ሰው።

መልካም ሳምንት!